የተማሪዎች ሬዲዮ ዜናና ዝግጅት፦ ለቢቸናና ለሞጣ የሚኒ ሚዲያ ክበባት የተዘጋጀ መረጃ

የሚኒ ሚዲያ ክበብ ተማሪዎች ዜና መሰብሰብን፣ መጻፍንና ማቅረብን ከመደበኛ ትምህርታቸው ጎን ለጎን የሚለማመዱበት አደረጃጀት ነው። አሠራሩ የሬዲዮ ጣቢያን ቢመስልም ድምፁ በትምህርት ቤቱ ግቢ የተወሰነ ሲሆን፣ በማይክሮፎንና በድምፅ ማጉያ አማካይነት በሰልፍና በዕረፍት ሰዓት ይደመጣል። ይህ መረጃ የተዘጋጀው በምሥራቅ ጎጃም ዞን በቢቸናና በሞጣ ከተሞች ለሚገኙ ተማሪዎች፣ ወላጆችና የክበብ ተጠሪ መምህራን ነው።

ክበቡ የሚያሰማው መረጃ ቀላል ተደርጎ ሊታይ አይገባም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ ከቢቸና ወይም ከሞጣ የሚነሣ ተፈታኝ የጉዞውን ቀን፣ ይዞ ሊገኝ የሚገባውንና መያዝ የተከለከለውን አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል። ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ያለፈውን መስመር ተመልሶ ያየዋል፤ በዕረፍት ሰዓት የሚያዳምጥ ተማሪ ግን ዜናውን የሚሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በስሕተት የተነበበ የምዝገባ ቀን አንድን ተማሪ ከምዝገባ ሊያስቀር ይችላል።

ስለሆነም ዜና ከመነበቡ በፊት ከምንጩ መጣራት አለበት። ፈተናን፣ ምዝገባንና የትምህርት መርሐ ግብርን የሚመለከት መረጃ ከርእሰ መምህሩ ወይም ከሚመለከተው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ይረጋገጣል። በቴሌግራም የተዘዋወረ ደብዳቤ ማኅተምና ፊርማ ስለታየበት ብቻ እውነተኛ ነው ማለት አይቻልም። ቀን ሲጠቀስ ዕለቱም አብሮ ቢጠቀስ፣ ሰዓት ሲነገርም ጠዋት፣ ከሰዓት በኋላ ወይም ማታ መሆኑ ቢገለጽ ይመረጣል፤ የበርካታ ተማሪዎች ስልክ 9 ሰዓት ብሎ የሚያሳየው በአገራችን አቆጣጠር 3 ሰዓት ነውና።

ለጆሮ መጻፍ

አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ስለሚያስቀምጥ አድማጭ ምን እንደተደረገ የሚያውቀው መጨረሻ ላይ ደርሶ ነው። «ባለፈው ሳምንት ሊሰጥ ታስቦ የነበረውና በጣለው ከባድ ዝናብ ምክንያት የተስተጓጎለው የ10ኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና ወደ ሰኞ ተዛወረ» የሚለው ዜና በወረቀት ላይ ጉድለት የለበትም። በድምፅ ማጉያ ግን «የ10ኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና ወደ ሰኞ ተዛውሯል። ፈተናው ባለፈው ሳምንት ያልተሰጠው በዝናብ ምክንያት ነው» ቢባል ይሻላል። ዋናው ጉዳይ ይቀድማል፤ ምክንያቱ ይከተላል።

ለጀማሪ አንባቢ ከሁሉ የሚከብደው ማጥበቅና ማላላት ነው፤ የፊደል ገበታችን ይህን አያሳይም። «ይሰጣል» ላልቶ ሲነበብ ሰጪውን፣ ጠብቆ ሲነበብ የሚሰጠውን ነገር ያመለክታል። «ገና» ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን፣ ሲጠብቅ በዓሉን ይገልጻል። «ዋናው ነገ ይጀመራል» የሚል የስፖርት ዜናም እንደ አነባበቡ የውኃ ዋና ውድድር ወይም ዋናው ውድድር ይሆናል። በመሆኑም አንባቢው ጽሑፉን አስቀድሞ ጮክ ብሎ ሊያነበውና በሚጠብቀው ፊደል ላይ በእርሳስ ነጥብ ሊያደርግ ይገባል። ብዙ ጀማሪዎች ይህን ልምምድ ቸል ሲሉ ይታያል፤ ስሕተቱ ግን ለሁሉም ይሰማል።

ለድምፅ አጠቃቀም ጥሩ ትምህርት የሚሆነው ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ልብ ወለድ የጎጃምን ሕይወት የሚያሳይ ሲሆን፣ ለቢቸና ቅርብ የሆነችው ዲማም በውስጡ ትነሣለች። ክበባት ትረካውን በጋራ አዳምጠው አንባቢው የት እንደሚያርፍ፣ የት ድምፁን ዝቅ እንደሚያደርግ ሊወያዩበት ይችላሉ። ይሁንና ዜና እንደ ትረካ አይነበብም፤ በዜና ውስጥ የአንባቢው ስሜት ቦታ የለውም።

ለቃለ ምልልስ ተንቀሳቃሽ ስልክ በቂ መሣሪያ ነው። ስልኩ ከተናጋሪው አፍ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ፣ ከነፋስና ከመንገድ ድምፅ ተከልሎ ይያዛል። የተቀዳውም ኦዳሲቲን በመሰለ በነፃ በሚገኝ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሊስተካከል ይችላል። መብራት ቢቋረጥ ዜናው በቃል እንዲነበብ ጽሑፉ በወረቀት ላይ መኖር አለበት።

ሕግን በተመለከተ

በግቢ ድምፅ ማጉያ መሥራትና በሬዲዮ ሞገድ ማሰራጨት የተለያዩ ናቸው። የሬዲዮ ሥርጭት በመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 መሠረት ከኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠይቃል። ጅማ ዩኒቨርሲቲን የመሳሰሉ ተቋማት የማኅበረሰብ ሬዲዮ አቋቁመው ተማሪዎቻቸውን አሠልጥነውበታል፤ አንድ ክበብ ግን አነስተኛ ማሰራጫ ገዝቶ በራሱ ሥርጭት ሊጀምር አይችልም።

የሌላን ሰው ሙዚቃ ለመክፈቻ መጠቀም ከቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጋር የሚገናኝ በመሆኑ፣ በክበቡ አባላት የተቀዳ የክራር፣ የማሲንቆ ወይም የዋሽንት ድምፅ የተሻለ አማራጭ ነው። በሥነ ሥርዓት ጉድለት የተቀጣ፣ የታመመ ወይም ጥቃት የደረሰበት ተማሪ ስም በዜና አይጠቀስም።

አባል መሆን የሚፈልግ ተማሪ በትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ ለክበቡ ተጠሪ መምህር ያመለክታል። በንባብ የሚያፍር ተማሪ በዜና ዝግጅት፣ በቀረጻ ወይም በመሣሪያ ሥራ ሊመደብ ይችላል። ክበብ በሌለበት ትምህርት ቤት ጥያቄው ለርእሰ መምህሩ ይቀርባል።