የኤፍሬም ቡል የጓሮ ወይን



የግብርና ታሪክ ስንጽፍ ዓይናችን ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በሰፋፊ እርሻዎችና በመንግሥት የምርምር ጣቢያዎች ላይ ነው። በአሜሪካ ስመ ጥር የሆነው የኮንኮርድ ወይን ግን የተገኘው ከአንድ ወርቅ ቀጥቃጭ ጓሮ ነው።

ኤፍሬም ዌልስ ቡል እ.ኤ.አ. በ1806 ቦስተን ተወለደ (ቀጥዬ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ሙያው ወርቅን ቀጥቅጦ እጅግ ማሳሳት ነበር። ኮንኮርድ በተባለችው የማሳቹሴትስ ከተማ ሲኖር የገጠመው ችግር የአካባቢው አትክልተኛ ሁሉ ችግር ነበር። ከአውሮፓ የመጣው ወይን ብርዱንና በሽታውን አይችልም፤ እንደ ኢዛቤላና ካታውባ ያሉትን የአገሩን ዝርያዎች ደግሞ ፍሬያቸው ሳይበስል የመፀው ውርጭ ይቀድማቸዋል።

ቡል የጫካ ወይን ዘር ዘራ። የወይን ዘር እናቱን መስሎ አይወጣም፤ እያንዳንዱ ችግኝ የራሱን ባሕርይ ይዞ ይበቅላል። ስለዚህ ዋናው ሥራ ዓመታት ጠብቆ መቅመስና አብዛኛውን ነቅሎ መጣል ነበር። በዕድሜው ከ20,000 በላይ ችግኝ እንዳሳደገ ይነገራል። በ1849 ከእነዚህ አንዱ ጠቆር ያለ፣ መዓዛው የሚያውድ፣ ቀድሞ የሚበስል ፍሬ ሰጠ። በ1853 ቦስተን ላይ ለዕይታ ቀረበ፤ በማግስቱ ዓመት አንዱ ችግኝ በ5 ዶላር ተሸጠ።

ገቢው ግን ብዙ አልቆየም። ምክንያቱ ያለው በተክሉ ተፈጥሮ ነው። ከተገረዘ ሐረግ አንድ ክንድ የማይሞላ ቁራጭ መሬት ቢገባ ሥር ያወጣል፤ ልጁም ከእናቱ አይለይም። አንድ ችግኝ የገዛ ነጋዴ በጥቂት ዓመታት መቶዎችን ይሸጣል፤ ለቡል ሳንቲም አይከፍልም። ይህን የሚከለክል ሕግም አልነበረም።

በ1869 ቶማስ ዌልች የተባለ የጥርስ ሐኪም ከዚሁ ወይን ለቁርባን የሚሆን ያልቦካ ጭማቂ አዘጋጀ። (ዘቢብ ዘፍዝፎ ለቅዳሴ ማቅረብ ለለመደው ለእኛ ሰው ነገሩ ብዙም አያስደንቅም።) ጭማቂው በኋላ ታላቅ ኢንዱስትሪ ሆነ። ቡል በ1895 በድህነት ሞተ፤ እርሱ እንደዘራ፣ ሌሎች እንዳጨዱ በመቃብሩ ላይ ተጽፏል።

ጥፋቱን በነጋዴዎቹ ስግብግብነት ላይ የሚያሳርፉ አሉ። እኔ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ቁራጭ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ማለፉ የጓሮ አትክልት ጥንታዊ ልማድ ነው፤ ኮንኮርድም በየደጃፉ የተስፋፋው እንዲሁ ነው። የአሜሪካ የዕፅዋት ፓተንት ሕግ የወጣው በ1930፣ ቡል ከሞተ ከ35 ዓመት በኋላ ነው። ቀድሞ ቢወጣ ኖሮ ቡል ሳይከብር አይቀርም ነበር፤ ድሃው ጎረቤቱ ግን አንዲት ሐረግ ለማባዛት ወይ ዋጋ መክፈል፣ ወይ 17 ዓመት መጠበቅ ነበረበት።

እዚህ ላይ ላቁምና ጥያቄዎቻችሁን ልቀበል።