አሸንፈን አልነበር እንዴ?

ተከታታይ ፊልም አንድ ክፉ አመል አለው። እሱ እንዲኖር የቀዳሚው ድል መበላት አለበት። ጠላት ሞቶ፣ ዓለም ድና፣ መብራት በርቶ ወደ ቤታችን ከሄድን በኋላ “ገና አላለቀም” ተብለን እንደገና ትኬት እንቆርጣለን። እስቲ ይህን አመል “ተርሚኔተር” ላይ እንየው።

ጄምስ ካሜሩን የመጀመሪያውን ፊልም እ.ኤ.አ. በ1984 ሲያወጣ በጀቱ 6.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ዳይሬክተርነቱን ላለማጣት ሲል የታሪኩን መብት ለፕሮዲውሰሯ ለጌይል አን ኸርድ በ1 ዶላር ነው የሸጠላት። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ስካይኔት የተባለ የኮምፒውተር ሥርዓት በኒውክሌር ጦርነት ዓለምን ያወድማል። ከዚያም የተረፉትን የሚመራው ጆን ኮነር ጭራሽ እንዳይወለድ እናቱን የሚገድል ማሽን ከ2029 ወደ 1984 ይልካል። ማሽኑ አርኖልድ ሽዋርዘኔገር ነው፤ እናቲቱ ሳራ ደግሞ ምስኪን የምግብ ቤት አስተናጋጅ። አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ሚሳይል ደግነው የተፋጠጡበት ዘመን ስለነበር ፍርሃቱን ማንም መፍጠር አላስፈለገውም።

የሚያስጨንቀው ግን ሌላ ነው። ሳራን ሊያድን ከወደፊቱ የመጣው ወታደር፣ ካይል ሪስ፣ ራሱ የጆን አባት ሆኖ ይገኛል። የሚሆነው ሁሉ አስቀድሞ ሆኗል ማለት ነው። እኛ ሰፈር ቢሆን “ግንባሯ ላይ የተጻፈ ነው” ተብሎ ይታለፍ ነበር።

በ1991 የመጣው ሁለተኛው ፊልም ይህን ጽሑፍ ሊፍቅ ተነሣ። በጀቱ ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር ተመነጠቀ፤ እንደ ሜርኩሪ የሚፈሰው ቲ-1000 የፖሊስ ልብስ ለብሶ መጣ፤ ፊልሙም 4 ኦስካር ወሰደ። እኛን የገዛን ግን ብረቱ አይደለም። ካሜሩን የትናንቱን ገዳይ ጠባቂ፣ የትናንቷን አስተናጋጅ ደግሞ ተዋጊ አደረጋቸው። ለስካይኔት መሠረት እየጣለ ያለው መሐንዲስ ማይልስ ዳይሰንም ጭራቅ አይደለም። ሚስትና ልጅ ያለው፣ ሥራውን የሚወድ ሰው ነው። የሥራው መጨረሻ ምን እንደሆነ ሲነገረው የገዛ ልፋቱን ለማጥፋት ሕይወቱን ይከፍላል። ጠባቂው ማሽንም ቀልጦ ይጠፋል። ኦገስት 29 ቀን 1997 የተቀጠረው እልቂት ቀረ ብለን ተነፈስን። ድሉ ዋጋ ተከፍሎበታል፤ ለዚህም ነው ያመንነው።

ከዚያ በኋላ መብላት ተጀመረ። ካሜሩን የሌለበት የ2003ቱ ሦስተኛ ፊልም “ዘገየ እንጂ አልቀረም” ብሎ ሚሳይሎቹን አስወነጨፈ። የ2009 እና የ2015 ፊልሞች ተከተሉ። በ2019 “ዳርክ ፌት” ሲመጣ እነዚያን ሦስቱን እንዳልነበሩ ቆጥሮ ከሁለተኛው ቀጠለ። ካሜሩን በፕሮዲውሰርነት፣ ሊንዳ ሃሚልተን ከ28 ዓመት በኋላ በሳራነት ተመለሱ። ደስ አለን። ግን ምን ዋጋ አለው? ፊልሙ ገና ሲጀምር ጆን ኮነር ይገደላል። ስካይኔት የለም፤ በቦታው ሊጅን የሚባል ሌላ ማሽን አለ። ስሙ ተቀየረ፣ እልቂቱ ያው።

እውነቱን ለመናገር ይህ ፊልም የራሱ ወርቅ ነበረው። አዲሷ ታዳኝ ዳኒ የሜክሲኮ ሲቲ የመኪና ፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ ወንድሟ ሥራ ሲገባ ቦታውን ሮቦት ይዞት ያገኛል። ቀጥሎ ድንበር መሻገርና የስደተኞች ማቆያ ይመጣል። የ1984 ፍርሃት ሚሳይል ከነበረ፣ የ2019 ፍርሃት እንጀራ ነው። ደግሞ ዳኒ የምትታደነው መሪ ስለምትወልድ ሳይሆን ራሷ መሪ ስለምትሆን ነው፤ ይህ ለሳራ ማሕፀን የተሰጠ ጥሩ መልስ ነው። ምን ያደርጋል! ፊልሙ ፋብሪካውን ቶሎ ጥሎ ወደ አውሮፕላንና ግድብ ላይ ውጊያ ሮጠ። ወደ 185 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ ያስገባው 261 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው። የማስታወቂያውና የሲኒማ ቤቶቹ ድርሻ ሲቀነስ ኪሳራ ነው።

ወዳጆቻችን፣ ክርክራችን ስለ ገንዘብ አይደለም። ሥራችንን ማሽን ይወስደው ይሆን እያልን የምናድር ትውልድ ነን። የዳይሰን መሥዋዕትነት ለከንቱ ነበር ብሎ የሚነግረን ፊልም፣ በእጃችን ያለውን ነገር መለወጥ እንደማንችል እየነገረን ነው። ስለዚህ የ1984ቱንና የ1991ዱን በተርታ እዩ፤ ከ2019ኙ ደግሞ የፋብሪካዋን ትዕይንት። ቀሪውን ብትዘሉት አንቀየማችሁም።