ከሦስት ጉልቻ እስከ ምርጥ ምድጃ፦ የደጋው ቤት ማገዶ፣ ወጪውና ቁጠባው

በሰሜን ሸዋ ደጋማ አካባቢዎች ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ብርድ ነው። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ በእነዚህ ወራት የሚጥለው ውርጭ በማሳ ላይ ያለን ሰብል ሳይቀር ያቃጥላል። በመሆኑም በደጋው አርሶ አደር ቤት ምድጃ ሁለት ሥራ አለበት። አንደኛው እንጀራ መጋገርና ወጥ መሥራት ሲሆን ሁለተኛው ቤቱን ማሞቅ ነው። ማታ ቤተሰቡ እሳት ዳር ይሰበሰባል፤ ሲመሽ ፍሙ በአመድ ይዳፈንና ሌሊቱ በባናና በዝተት ይታለፋል። ይህ ሙቀት ግን ያለ ዋጋ የተገኘበት ዘመን የለም።

ማገዶና ዋና ከተማ

የማገዶ እጥረት የቤተሰብ ብቻ ሳይሆን የመንግሥትም ችግር ሆኖ ያውቃል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1870ዎቹ ዓ.ም ወደ እንጦጦ ከዘለቁ በኋላ በ1879 ዓ.ም አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ሠራዊቱና ሕዝቡ በሰፈረበት ሁሉ በዙሪያው የነበረው ጽድና ወይራ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተቆረጠ አለቀ። እንጨት ከሩቅ መምጣት ጀመረ። በ1893 ዓ.ም ገደማ ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ አዲስ ዓለምን ማሠራት ከጀመሩባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው የእንጨት እጥረት ነበር። ሆኖም ዋና ከተማው አልተዛወረም። በዚያ ለቤተ መንግሥት የታሰበው ሕንጻም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

አዲስ አበባን ካለችበት እንዳትነሳ የረዳት ባህር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ሲሆን፣ በ1887 ዓ.ም ገደማ በንጉሠ ነገሥቱ ፈረንሳዊ አማካሪ በሞንዶን ቪዳዬ አማካይነት እንደገባ በብዙዎች ይነገራል። ከባህር ማዶ በመምጣቱም ስሙ ባህር ዛፍ ተባለ። ባህር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ቅጠሉን ከብት ስለማይበላው ጠባቂ አይፈልግም። በእነዚህ ጠባዮቹ የተነሳ ከከተማ ወደ ገጠር ተዛምቶ የደጋው አርሶ አደር የማገዶ፣ የቤት መሥሪያና የችግር ቀን ገንዘብ ምንጭ ለመሆን በቅቷል። ይሁን እንጂ ውኃ በብዛት ይጠቀማል፤ በአጠገቡ ያለ ሰብልም አያምርም። ስለዚህ ከምንጭ ዳርና ከማሳ ጠርዝ ርቆ መተከል ይኖርበታል።

እበት ሲነድ የሚነደው ምንድን ነው?

ዛፍ በጠፋበት ደጋ እንጨትን የተካው ኩበት ነው። ሴቶችና ልጆች እበቱን ከበረትና ከግጦሽ ለቅመው፣ ጠፍጥፈውና አድርቀው ይከምሩታል። ኩበት ገንዘብ ስለማይወጣበት ብዙዎች ነፃ ማገዶ ይመስላቸዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። እበት ሲነድ በውስጡ ያለው ናይትሮጅን በአብዛኛው ወደ አየር ይበናል። ለአፈሩ ልስላሴ የሚሰጠውና እርጥበት የሚይዘው ብስባሽም አብሮ ይጠፋል። አመዱ የተወሰነ ፎስፎረስና ፖታሽየም ቢይዝም አብዛኛውን ጊዜ የሚደፋው ጓሮ እንጂ ማሳ ላይ አይደለም።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1984 የዓለም ባንክ ስለ ኢትዮጵያ ያሳተመው አንድ ጥናት፣ በገጠር ዛፍ መትከል የሚያዋጣው ለእንጨቱ ብቻ ሳይሆን እበቱ ወደ ማሳ እንዲመለስ ስለሚያደርግ ጭምር መሆኑን አስገንዝቧል። በዚያው ዘመን አካባቢ እንደ አዲስ አበባና ደብረ ብርሃን ባሉ ከተሞች ዙሪያ የማገዶ ደን ተተክሎ ነበር። የአንድን አርሶ አደር ቤት ሒሳብ ላየ ነገሩ ግልጽ ነው። በበጋ የአፈሩን ምግብ ምድጃ ውስጥ ይጨምራል፤ በክረምት መግቢያ ያንኑ ምግብ በማዳበሪያ መልክ በብር ይገዛል።

ጉልቻ ቢለዋወጥ

አበው "ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም" ይላሉ። ወጡን ባያጣፍጥም ማገዶውን ግን ይቆጥባል። በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነድ እሳት አብዛኛው ሙቀቱ በጎንና በጎን ይባክናል። ከቤተሰቡ ማገዶ ከፍተኛውን ድርሻ የሚወስደውም እንጀራ መጋገር ነው። ይህን ለማሻሻል በ1980ዎቹ ዓ.ም ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ አሸዋ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ተዘጋጀ። ምድጃው በምጣዱ ዙሪያ ተገጣጥሞ እሳቱን የሚከልል ሲሆን በጭሱ መውጫ ላይ ድስት ይጣዳል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ለከሰል ተጠቃሚዎችም ላቀች የተባለው ምድጃ ተሰራጭቷል።

ሒሳቡን ለምሳሌ እንመልከት። ለእንጀራ ብቻ በሳምንት ሁለት ሸክም እንጨት የምታነድ እማወራ በዓመት 104 ሸክም ትፈጃለች። ፍጆታዋ በግማሽ ሲቀንስ 52 ሸክም ይተርፋታል። እንጨቱ የሚገዛ ከሆነ ይህንን በአካባቢው የሸክም ዋጋ ማባዛት ነው። የሚለቀም ከሆነ ደግሞ 52 ጊዜ ወደ ጫካ መሄድና 52 ጊዜ ጎብጦ መመለስ ቀረ ማለት ነው። የጭሱም መቀነስ ለእናቶች ዓይንና ለሕፃናት ሳንባ ትልቅ እረፍት ነው።

ሆኖም በደጋው አንድ መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ እሳቱን ስለሚከልል ቤቱን እንደ ጉልቻ አያሞቅም። ቤተሰቡ ለመሞቂያ ሌላ እሳት ካነደደ ቁጠባው ተመልሶ ይበላል። ስለዚህ ምድጃውን ከመቀየር ጎን ለጎን የግድግዳውን ስንጥቅ በጭቃ መምረግ፣ በሩን ማስተካከልና እንጨቱን አስቀድሞ ፈልጦ ማድረቅ ያስፈልጋል። እርጥብ እንጨት ከጉልበቱ የተወሰነውን የሚጨርሰው የራሱን ውኃ ለማድረቅ ነው። በ2001 ዓ.ም አካባቢ በብሔራዊ ፕሮግራም መስፋፋት የጀመረው ባዮጋዝም እበቱን ለማገዶና ለማዳበሪያ በአንድ ጊዜ ያውላል። ይሁንና በቂ ከብትና ውኃ ይጠይቃል፤ በብርድ ቦታም ጋዙ ይቀንሳል።

በ1991 ዓ.ም የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 ማኅበራት በዩኒየን እንዲደራጁ መንገዱን ከፍቷል። ዩኒየኖች በአብዛኛው የሚታወቁት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በማቅረብ ነው። ነገር ግን ምድጃ በጅምላ ማሠራት፣ የችግኝ ጣቢያ ማቋቋምና ለአባላት በብድር ማቅረብም ከዚሁ ሥራ የራቀ አይደለም። ከምድጃ የተረፈች እያንዳንዷ ኩበት ማሳ ላይ ብትውል የማዳበሪያ ዕዳን ታቀላለች። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ እናቶች በጀርባቸው ለብቻቸው የተሸከሙት የማገዶ ሸክም የሚቀለው አባላት ሁሉ ሲካፈሉት ነው።