የመኪና ኢንሹራንስ ማቋረጫ ከየት መጣ?

ለንደን ውስጥ ዛሬ የመኪና ኢንሹራንስ የገዛ ሰው ነገ ሐሳቡን ቢቀይር፣ ምክንያት ሳይጠየቅ ውሉን ለማፍረስ 14 ቀን ተሰጥቶታል። የከፈለው አረቦን ግን ሙሉውን አይመለስለትም። ሽፋን ያገኘባቸው ቀናት ይታሰቡበታል፤ ብዙ ጊዜም የማቋረጫ ክፍያ ይቆረጥበታል። ውል ሲቋረጥ አረቦኑ ይመለስ ወይስ አይመለስ የሚለው ክርክር የተጀመረው ግን መኪና ሳይፈጠር በፊት፣ በመርከብ ኢንሹራንስ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በኦገስት 1776 ኢዛቤላ ለተባለች መርከብ የ12 ወር ኢንሹራንስ ተገባላት። አረቦኑ ከመቶ 9 ነበር። የአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ወቅት በመሆኑ፣ አሜሪካውያን ቢማርኳት መድን ሰጪው ካሳ እንደማይከፍል በውሉ ሰፍሯል። መርከቧ ሁለት ወር ገደማ እንደቆየች በአሜሪካውያን እጅ ወደቀች። መድን ገቢው ካሳ እንደማያገኝ ስላወቀ፣ መርከቧ ያልተጓዘችባቸው የአሥር ወራት አረቦን እንዲመለስለት ከሰሰ።

ጉዳዩን ያዩት ዳኛ ሎርድ ማንስፊልድ በ1777 ፈረዱበት። ስጋቱ አንዴ ከጀመረ አረቦኑ ተሸንሽኖ አይመለስም አሉ። ምክንያታቸው ቀላል ነው፤ መርከቧ በመጀመሪያው ቀን ብትሰምጥ ኖሮ መድን ሰጪው ሙሉውን ካሳ ይከፍል ነበር።

እኚሁ ዳኛ በ1761 በሌላ ጉዳይ የአረቦኑ ከፊል እንዲመለስ ወስነው ነበር። ያ መርከብ ከለንደን ተነሥቶ፣ ከፖርትስመዝ ጀምሮ በጦር መርከቦች ታጅቦ ወደ ሃሊፋክስ እንዲሄድ የታሰበ ነው። ፖርትስመዝ ሲደርስ አጃቢዎቹ ቀድመው ሄደዋል። ጉዞው ሁለት ምዕራፍ ስለነበረውና ሁለተኛው ስላልተጀመረ፣ የሁለተኛው ዋጋ ለከፋዩ ተመለሰለት። ጥያቄው እስከ ዛሬ ይኸው ነው፦ ስጋቱ ይከፋፈላል ወይስ አይከፋፈልም?

መኪና ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ብሪታንያ በ1930 ባወጣችው የመንገድ ትራንስፖርት ሕግ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስን ግዴታ አደረገች። አሽከርካሪው ለፖሊስ የሚያሳየው የምስክር ወረቀትም የውሉ ዋና ማስረጃ ሆነ። ውሉ ፈርሶ ወረቀቱ በኪስ ከቀረ ፖሊስንም ተጎጂንም ያታልላል። ስለዚህ ውሉን ያቋረጠ ሰው ወረቀቱን በሰባት ቀን ውስጥ እንዲመልስ ሕግ አስገደደ። ይህ ግዴታ የቀረው መረጃው በኮምፒውተር መዝገብ ከተያዘ በኋላ፣ በ2015 ነው።

ተመላሹ ገንዘብ ግን በሁለት ሚዛን ይለካ ነበር። በተለመደው የውል ቃል መሠረት፣ ኩባንያው ውሉን በአደራ ደብዳቤ ካቋረጠ የቀሪዎቹን ቀናት አረቦን በቀን አስልቶ ይመልሳል። ደንበኛው ካቋረጠ ደግሞ የሚሰላበት በአጭር ጊዜ ታሪፍ ነው፤ ያውም ካሳ ያልጠየቀ ከሆነ ብቻ። አጭር ሽፋን ከዓመታዊው ሲነጻጸር በቀን የሚደርሰው ዋጋ ውድ ነው። ኩባንያዎቹ ውሉን ለማዘጋጀትና ለወኪል ኮሚሽን ያወጡትን ወጪ ይጠቅሳሉ፤ በበጋ ብቻ እየነዳ በክረምት ውሉን የሚያፈርስ ሰው እንዳይበዛም ይሰጋሉ። ስጋታቸው መሠረት አለው። ሆኖም ታሪፉን የሚያወጣው ኩባንያው ራሱ ስለሆነ ደንበኛው የሚከራከርበት መንገድ አልነበረውም።

የስልክና የኢንተርኔት ሽያጭ ሲስፋፋ ሰዎች ውሉን በቅጡ ሳያነቡ መግዛት ጀመሩ። የአውሮፓ ኅብረት በ2002 ባወጣው መመሪያ፣ የገንዘብ አገልግሎትን በርቀት የገዛ ሰው የ14 ቀን ማሰላሰያ ጊዜ እንዲያገኝ ደነገገ። የብሪታንያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም ከጃንዋሪ 2005 ጀምሮ መብቱን በኢንሹራንስ ሽያጭ ደንቡ ውስጥ አስገባው። ደንቡ በእነዚህ ቀናት ውስጥ የሚቆረጠው ገንዘብ ከተሰጠው አገልግሎት ጋር እንዲመጣጠንና ቅጣት እንዳይመስል ያዛል። ኩባንያው ውሉን ለመፈጸም ያወጣውን ተገቢ ወጪ መጨመር ይችላል፤ ትርፍ ግን አይጨምርም።

ለምሳሌ ዓመታዊ አረቦኑ 600 ፓውንድ የሆነ ውል በ10ኛው ቀን ቢቋረጥ፣ በቀን ስሌት የሚቆረጠው 16 ፓውንድ ከ44 ፔንስ ነው። ከዚያ በላይ የተጠየቀ ሁሉ የወጪ ማስረጃ ሊኖረው ይገባል። ከ14 ቀን በኋላ ግን የሚወስነው በዋናነት የውሉ ቃል ነው፤ ክፍያውም ሊከብድ ይችላል። በለንደን ላሉ የአገራችን ልጆች ይህ ልዩነት ከኪስ የሚወጣ ገንዘብ ነው።

የማንስፊልድ ፍርድ ለመርከብ ዘመን ትክክል ነበር። የዛሬው አሽከርካሪ ግን ሽፋኑን የሚገዛው በሕግ ተገዶ ነውና፣ የሚከፍለው ለቆየበት ቀንና ለእውነተኛ ወጪ ብቻ መሆን አለበት። ውል ልታቋርጡ ያሰባችሁ፣ አስቀድማችሁ የክፍያውን ዝርዝር በጽሑፍ ጠይቁ። አሮጌው ሽፋን ከማብቃቱ በፊትም አዲሱ መጀመሩን አረጋግጡ፤ ከ2011 ጀምሮ በብሪታንያ ከመንገድ ወጥቷል ተብሎ ያልተመዘገበ መኪና፣ ቆሞ ቢውል እንኳ፣ ያለ ኢንሹራንስ ከተገኘ ባለቤቱን ያስቀጣል።