በባርኔጣ ሪባን ላይ የቀረ እጥፋት

ባለፈው ዓመት እናቴ የወንድ አያቴን ባርኔጣ ከብረት ሳጥን አውጥታ ሰጠችኝ። «ከፎቶግራፋቸው አጠገብ እናስቀምጠዋለንና አሳምረህ አጽዳው» አለችኝ። ግራጫው ሱፍ ብዙም አልተጎዳም፤ ዙሪያውን የከበበው ጥቁር ሪባን ግን ተጨማዶ፣ በግራ በኩል ያለው ቋጠሮም ተጨፍልቆ ነበር። እርሱን ላቃና ስነሣ የሪባንን ታሪክ መመርመሬ አልቀረም፤ ያገኘሁትንም ለእናንተ ለንባብ ወዳጆች ላካፍል ወደድሁ።

የባርኔጣ ሪባን እንደ ማንኛውም ጨርቅ አይደለም። በብዛት የሚሠራበት ሽመና ግሮግሬን ይባላል። ድሩ ቀጭንና ጥቅጥቅ ያለ፣ ማጉ ግን ወፍራም ስለሆነ፣ የሪባኑን ወርድ የሚያቋርጡ ረድፍ ረድፍ ሸንተረሮች ይፈጠራሉ። የሪባኑ ግርማ ያለው በእነዚህ ሸንተረሮች ላይ ነው።

በ19ኛው ምዕት ዓመት በሐር ሪባን ሽመና ስማቸው ከገነነ ከተሞች መካከል የፈረንሳይዋ ሴንት ኤቲየን፣ የስዊዘርላንዷ ባዝልና የእንግሊዟ ኮቨንትሪ ይገኙባቸዋል። ጆርጅ ኤልዮት በሚል የብዕር ስም የምናውቃት ደራሲ በወጣትነቷ በኮቨንትሪ ኖራለች። እ.ኤ.አ. በ1860 እንግሊዝና ፈረንሳይ የንግድ ውል ሲዋዋሉ በፈረንሳይ ሐር ላይ የነበረው ቀረጥ ተነሣ። የኮቨንትሪ ሸማኔዎች ፉክክሩን መቋቋም ተሳናቸው፤ ሥራ ፈቱ፤ ተራቡ፤ ብዙዎችም ቀያቸውን ጥለው ተሰደዱ። በዚያ ውድቀት መካከል ቶማስ ስቲቨንስ የተባለ የከተማይቱ ሪባን አምራች፣ እ.ኤ.አ. በ1862 ሥዕልና ጽሑፍ የተሸመነባቸውን የሐር ዕልባቶች ማውጣት ጀመረ። ባርኔጣ ያስጌጥ የነበረ ሙያ የመጽሐፍ ገጽ ጠባቂ ሆነ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክን ፎቶግራፎች ያየ ሰው ከነጭ ሻሻቸው በላይ የደፉትን ሰፊ ባርኔጣ አይዘነጋውም። ንጉሠ ነገሥቱ በ1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላም ባርኔጣ በመኳንንቱ ራስ ላይ የክብር ምልክት ሆኖ ቆየ።

አያቴ ከመኳንንቱ ወገን አልነበሩም። የወረዳ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ ባርኔጣውንም የገዙት ከደመወዛቸው ቆጥበው ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ፣ አንድ ጥማድ መሬት እንኳ ያልነበራቸው አያቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «የመሬት ከበርቴ ይሏቸዋል ብዬ ከጋቢዎቹ ሥር ቀበርሁት» ትል ነበር ሴት አያቴ። እርሳቸውም ዳግመኛ ሳይደፉት በ1976 ዓ.ም. ዐረፉ። ሪባኑን የጨማደደው እንግዲህ የጋቢ ክብደት ብቻ አልነበረም።

ይህን ሁሉ ሳላሰላስል ነበር መጀመሪያ የጋለ ካውያ በቀጥታ ያሳረፍሁበት። የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ስፍራ ሸንተረሩ ጠፍቶ ሪባኑ እንደ ሰም አብለጨለጨ። እናቴ አየችው፤ ምንም አልተናገረችም። ዝምታዋ ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ።

የቀረውን በትዕግሥት ሠራሁት። ሱፍ ሙቀትና እርጥበት ሲበዛበት ስለሚኮማተር፣ በእርሱና በሪባኑ መካከል ቀጭን ካርቶን አስገባሁ። ንጹሕ ነጭ የጥጥ ጨርቅ በውኃ ነክሬ፣ አጥብቄ ጨምቄ ከላይ ዘረጋሁ። ለብ ያለውን ካውያ ለጥቂት ሰኮንድ አሳርፌ አነሣለሁ እንጂ አልጎትተውም። ቋጠሮውን ከማንቆርቆሪያ በሚወጣ እንፋሎት ከራቅ አድርጌ አሞቅሁት፤ ከእንፋሎቱም አውጥቼ፣ እጥፋቱን በጣቴ ከፍቼ እስኪቀዘቅዝ ያዝሁት። ሙቀትና እርጥበት ክሩ የያዘውን ቅርጽ ያላሉታል፤ ሲቀዘቅዝና ሲደርቅ ግን በአዲሱ ቅርጹ ይጸናል። ቸኩሎ የለቀቀው ሰው ያው የቀድሞው ጭምድድ ይመለስበታል።

ሪባኑ ተቃና። ከቋጠሮው ሥር ያለች አንዲት እጥፋት ብቻ እንቢ አለች። ክሯ ሳስቷልና ብታገላት ትበጠስ ነበር፤ ተውኋት። የአባቶቻችንን ዘመን ስንጽፍም እንዲሁ የሚጎረብጠንን ሁሉ በአንድ ጊዜ ልንተኩሰው እንቸኩላለን፤ እጥፋቱ ሲጠፋ ሸንተረሩም አብሮ ይጠፋል።

ባርኔጣው ዛሬ ከፎቶግራፉ አጠገብ ነው። ያቺ ያብለጨለጨች ስፍራ የእኔ ጥፋት ናትና አልደብቃትም። እናቴ ግን ጣቷን በእጥፋቷ ላይ አሳርፋ፣ «ይህች የዚያን ጊዜዋ ናት» አለች። አንባቢ ንባቡን ያቋረጠበትን ገጽ ጫፍ አጥፎ ይተዋል። ይህችም እጥፋት ከተቋረጠው ዘመናቸው ላይ የቀረች ዕልባት ትመስለኛለች።