የእናቶች ጤናና የመራጩ ድምፅ፤ ከሞያሌ ማንያታ የሚታይ ታሪክ

የአንድ አገር ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በነገሥታትና በጦር ሜዳ ስም ነው። ሆኖም የመንግሥት ሥራ ወደ ሕዝብ ቤት የሚገባበት በር ሲፈለግ ከምጥ ቤት ይልቅ ጎልቶ የሚታይ አይገኝም። ምጥ የያዛት ሴት አዋላጅ ታገኛለች ወይስ አታገኝም፤ ወደ ሐኪም ቤት የሚወስደው መንገድ ይኬዳል ወይስ አይኬድም፤ ደም ቢፈሳት የሚተካላት ደም አለ ወይስ የለም፤ እነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ አስቀድሞ በምክር ቤት በተቆረጠ በጀትና በምርጫ ቀን በተሰጠ ድምፅ መልስ ያገኙ ናቸው። ስለዚህ ለምርጫ የሚቀርብ ሰው በሴቶች ጤና ላይ ያለው አቋም የሴቶች ጉዳይ ነው ተብሎ ወደ ጎን የሚተው ነገር አይደለም።

ይህን ለመረዳት በኬንያ ሞያሌ የሚገኘው የማንያታ ሠፈር የተመቸ ስፍራ ነው። ሞያሌ በአንድ ስም ተጠርታ በሁለት መንግሥት የምትተዳደር ከተማ ናት። ኢትዮጵያና ብሪታንያ በ1907 የተዋዋሉት የወሰን ውል፥ ኋላም ኢትዮጵያና ኬንያ በ1970 የፈረሙት ስምምነት፥ ቦረናውንና ጋብራውን፥ ገሪውንና ቡርጂውን በወሰኑ ግራና ቀኝ አስቀሩት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዘመድ ከዘመዱ ጋር በአንድ ገበያ ይገናኛል፥ በአንድ ሠርግ ይበላል፤ ሲታመም የሚሄድበት ሐኪም ቤት፥ ሲበደል የሚዳኝበት ሕግ፥ ምርጫ ሲደርስ የሚሰጠው ድምፅ ግን ልዩ ልዩ ነው። በሞያሌ የመንግሥት አቋም ልዩነት በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በእግር ጭምር ይለካል።

ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፥ የሰሜን ኬንያ እናት ለምን ከሌሎቹ ይልቅ ለሞት ቀረበች የሚለውን መጠየቅ ይገባል። በቅኝ ግዛት ዘመን የሰሜኑ ጠረፍ አውራጃ ያለ ፈቃድ የማይገባበት የተዘጋ አገር ነበር። ኬንያ በ1963 ነጻ ከወጣች በኋላም አገሩ እስከ 1967 ድረስ በጦርነት ታመሰ። በ1965 የወጣው የመንግሥት የኢኮኖሚ መመሪያ፥ ማለት ቁጥር 10 የተባለው ሰነድ፥ የአገሪቱ ገንዘብ ይበልጥ ትርፍ በሚገኝበት፥ ለም መሬትና በቂ ዝናብ ባለው ስፍራ ቢውል ይሻላል አለ። በዚህ ሚዛን ዝናብ ያነሰው ሰሜን ቀለለ። ከኢሲዮሎ ተነሥቶ ሞያሌ የሚደርሰው መንገድ እንኳ በሙሉ አስፋልት የለበሰው ነጻነት ከተገኘ ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ ነው። በ2009 የሕዝብ ቆጠራ ላይ ተመሥርቶ የተሠራው ግምት፥ በማርሳቢት አውራጃ በሕይወት ከተወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር የሞቱትን እናቶች 1,127 ሲያደርስ፥ የአገሪቱ አማካይ ወደ 500 ገደማ ነበር። የ1965ቱን ሰነድ የጻፉት ሰዎች እናቶችን ለመጉዳት አላሰቡም ይሆናል፤ ሆኖም ስለ ገንዘብ የተሰጠ ውሳኔ ስለ እናት ሕይወት የተሰጠ ውሳኔ ሆኖ ተገኘ።

የሴቶች ጤና በኬንያ ፖለቲካ ውስጥ መነጋገሪያ የሆነው ከነጻነት በፊት ነው። በ1929 በኪኩዩ አገር የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮንና ሌሎችም ሚሲዮኖች ምእመናኖቻቸው የሴት ልጅ ግርዛትን እንዲክዱ አጥብቀው አዘዙ። የኪኩዩ ማዕከላዊ ማኅበር ይህን ትእዛዝ እንደ ባዕድ ጫና ቈጥሮ ተቃወመ፤ ብዙ ወላጆችም ልጆቻቸውን ከሚሲዮን ትምህርት ቤት አውጥተው የራሳቸውን ነጻ ትምህርት ቤቶች አቆሙ። ጆሞ ኬንያታም በ1938 ባሳተሙት መጽሐፋቸው ለልማዱ ተከራከሩ። በ1956 የሜሩ ሽማግሌዎች ሸንጎ ግርዛትን በከለከለ ጊዜ ደግሞ ብዙ ልጃገረዶች እልኽ ተጋብተው ራሳቸውን ገረዙ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ሕዝቡን ሳያማክር ከላይ የወረደ ትእዛዝ፥ አሳቡ መልካም ቢሆንም እንኳ፥ የሴቲቱን አካል የክርክር ሜዳ ያደርገዋል እንጂ አያድነውም። ስለዚህ መራጩ የሚመዝነው እጩው ምን እንደሚል ብቻ ሳይሆን ከማን ጋር ተመካክሮ እንደሚሠራም ጭምር ነው።

ፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ በ1982 ልማዱን በይፋ አወገዙ፤ የ2001 የሕፃናት ሕግ በልጆች ላይ እንዳይፈጸም ከለከለ፤ በ2011 የወጣው ሕግ ደግሞ ለማናቸውም ሴት ከለከለው። ይህ የመጨረሻው ሕግ ለሞያሌ ልዩ ትርጕም አለው፤ ልጅን ለማስገረዝ ከኬንያ አውጥቶ ወደ ሌላ አገር መውሰድንም ወንጀል አድርጎታልና። ቅጣቱ ከ3 ዓመት የማያንስ እስራት ወይም ከ200,000 ሽልንግ የማያንስ መቀጮ ነው። በኢትዮጵያ በኩል በ2005 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ግርዛትን ከ3 ወር በማያንስ እስራት ወይም ከ500 ብር በማያንስ መቀጮ ይቀጣል። አንዱ ሕግ ሲጠብቅ ሌላው ቢላላ፥ በመካከላቸው ያለው መንገድ የጥቂት ደቂቃ ጉዞ በሆነበት ከተማ ምን እንደሚከተል ለመገመት አያዳግትም። በኬንያ የተገረዙ ሴቶች ቍጥር በ1998 ከመቶ 38 ከነበረበት በ2022 ወደ 15 ዝቅ ማለቱ የሕግና የትምህርት መተባበር ፍሬ ነው።

በኢትዮጵያ ሴቶች የመምረጥና የመመረጥ መብት ያገኙት በ1955 በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። በ1957 በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ ለምክር ቤት የተመረጡት ሴት፥ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዲሬክተር የነበሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ነበሩ። የመጀመሪያይቱ የሕዝብ እንደራሴ ከመምህራን ወገን መገኘታቸው ለሙያው የሚያኰራ ነው። ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ሴቶች ናቸው፤ በ2000 በተደረገው ጥናት 871 የነበረው የእናቶች ሞት በ2016 ወደ 412 ወረደ። መንግሥት ቈርጦ ከተነሣ ድኻ አገርም እናቶቿን ለማዳን እንደምትችል ይህ ምስክር ነው።

በኬንያ የመራጩ ድምፅ ወደ ምጥ ቤት የደረሰበት መንገድ በሦስት ዘመናት ይታያል። በነሐሴ 2010 ሕዝቡ በአዲሱ ሕገ መንግሥት ላይ ድምፅ ሲሰጥ፥ እጅግ ካከራከሩት ቃላት አንዱ ፅንስ ማስወረድን ከልክሎ የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ ሲወድቅ ግን የሚፈቅደው አንቀጽ 26 ነበር። ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናትና አቶ ዊልያም ሩቶ ሕገ መንግሥቱን ተቃወሙ፤ ከመራጩ ግን ከመቶ 67 ያህሉ ደገፈው። በዚያው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 የወሊድ ጤና ለሁሉ የተሰጠ መብት ሆነ።

ሁለተኛው ዘመን 2013 ነው። የጁቢሊ ወገን ለምርጫ ሲወዳደር እናቶች ያለ ክፍያ እንደሚወልዱ ቃል ገባ፤ ካሸነፈ በኋላም ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ሰኔ 1 ቀን በመንግሥት ሐኪም ቤቶች የወሊድ ክፍያ እንዲቀር አወጁ። በ2008 እና 2009 በተደረገው ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት ከመቶ 43 ሲሆኑ፥ በ2014 ወደ 61፥ በ2022 ወደ 82 ደረሱ። ለዚህ ሌላም ምክንያት ቢኖር፥ የምርጫ ቃል ሲፈጸም ምን እንደሚያስገኝ መራጩ በዓይኑ አየ።

ሦስተኛው ዘመን 2017 ነው። ከ2013 ጀምሮ ሐኪም ቤቶችና ሠራተኞቻቸው በአውራጃ ገዥዎች እጅ ሆነዋል። ሐኪሞች ከታኅሣሥ 2016 ጀምሮ ለ100 ቀን፥ ነርሶች ደግሞ ከሰኔ 2017 ጀምሮ ለአምስት ወር ያህል በደመወዝ ክርክር ሥራ አቆሙ። የነሐሴው ምርጫ የተካሄደው ነርሶቹ ሥራ ባቆሙበት ጊዜ ነው። አዋላጅ የሌለበት ሐኪም ቤት በነጻ ቢከፈትም ለወላዷ ባዶ ቤት እንደሆነ ያን ጊዜ ታወቀ።

በጠረፍ አገር ብዙ ሰው ድምፁን በነገድ ይሰጣል፤ ግጦሽና ጸጥታም ይቀድማሉ የሚል አለ። ይህ አነጋገር ምክንያት የለውም አይባልም፤ በ2013 መጨረሻ በሞያሌ ግጭት ሲነሣ ብዙ ሕዝብ ወሰን ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያ ሸሽቷልና። ነገር ግን ምጥ ነገድ አይለይም። ጸጥታ ሲጠፋ አስቀድማ የምትጎዳው መሮጥ የማትችለው ነፍሰ ጡር ናት። ስለዚህ እጩው ከየትም ነገድ ቢወጣ፥ አምቡላንሱ ነዳጅ ከምን እንደሚያገኝ፥ አዋላጇ ደመወዟ በወሩ ይከፈላት እንደሆነ፥ የደም ማከማቻው የት እንደሚሆን፥ ሕጉን ከሽማግሌዎችና ከእናቶች ጋር እንዴት እንደሚያስፈጽም ሊጠየቅ ይገባል። እነዚህን በበጀት ቍጥር የማይመልስ እጩ አቋም አለው ለማለት አይቻልም።

መምህር ለማን ድምፅ ይሰጥ ብሎ ተማሪን ማዘዝ አይገባውም፤ መጠየቅን ማስተማር ግን ሥራው ነው። በ2017 ኬንያ ለተማሪ ልጃገረዶች የወር አበባ መጠበቂያ በነጻ እንዲሰጥ በሕግ ስትደነግግ፥ ጉዳዩ ከምክር ቤት ወደ ክፍል ውስጥ ገባ። መጠበቂያው መድረሱንና አለመድረሱን፥ ልጅቱም ከትምህርት መቅረት መተዋን አስቀድሞ የሚያውቀው መምህሩ ነው። ያየውን መዝግቦ ለትምህርት ሹሙ ሲያስረዳ፥ ሹሙም ለአውራጃው ምክር ቤት ሲያቀርብ፥ መራጩ በሚቀጥለው ምርጫ እጩውን የሚመዝንበት ሚዛን እጁ ይገባል። በማንያታ የምትማረው ልጃገረድ ነገ መራጭ፥ ምናልባትም እናት ናት፤ ድምፅዋ ዋጋ የሚኖረው ለሁለቱም በሕይወት ስትደርስ ነው።