የመሥሪያ ቤቶች የስልክ ጥሪ መጨናነቅና የማቃለያ ዘዴዎቹ

በሰሜን ጎንደር ዞን የጃናሞራ ወረዳ ዋና ከተማ ከሆነችው መካነ ብርሃን ርቆ በደጋው ለሚኖር አርሶ አደር፣ ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚያደርገው አንድ የስልክ ጥሪ ረጅም የእግር ጉዞ ሊያስቀርለት ይችላል። ማዳበሪያ መድረሱን ወይም ኃላፊው በቢሮ መኖራቸውን በስልክ ያረጋገጠ ባለጉዳይ በከንቱ አይመላለስም። መስመሩ ዘወትር የተያዘ ከሆነ ግን ያለው አማራጭ መንገድ መጀመር ብቻ ነው። በመሆኑም የጥሪ መጨናነቅን መቆጣጠር የመልካም አስተዳደር አንዱ አካል ነው።

የጥሪ መጨናነቅ የሚባለው ወደ አንድ መሥሪያ ቤት የሚገባው ጥሪ መስመሮቹ ወይም ሠራተኞቹ ሊያስተናግዱት ከሚችሉት በላይ ሲሆን ነው። የመስመር እጥረት ሲያጋጥም ደዋዩ የተያዘ መስመር ድምፅ ይሰማል። የሠራተኛ እጥረት ሲያጋጥም ደግሞ ስልኩ እየጠራ የሚያነሣው ያጣል። ሁለቱ ችግሮች መፍትሔያቸው የተለያየ በመሆኑ አስቀድሞ መለየት ይገባል። መልስ ሰጪ ሳይጨመር መስመር ብቻ ቢጨመር ወረፋው ይረዝማል እንጂ አገልግሎቱ አይሻሻልም።

ለአንድ መሥሪያ ቤት የሚበቃውን የመስመር ብዛት ለማስላት የሚያገለግለውን ቀመር ዴንማርካዊው የሒሳብ ሊቅ አግነር ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1917 አሳትሟል። በቀመሩ መሠረት፣ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት እያንዳንዳቸው በአማካይ 3 ደቂቃ የሚፈጁ 60 ጥሪዎች የሚደርሱት ጽሕፈት ቤት ሥራው በአማካይ 3 መስመሮችን ይይዛል። ይሁንና ጥሪዎች በእኩል ርቀት ተራ ጠብቀው ስለማይመጡ፣ 3 መስመር ብቻ ቢኖር ከ100 ደዋዮች 35 ያህሉ መስመሩ ተይዞ ያገኙታል። በ5 መስመር ቁጥሩ ወደ 11 ዝቅ ይላል። በ8 መስመር ደግሞ ከአንድ ያንሳል።

መስመር ሳይጨመርም ለውጥ ማምጣት ይቻላል። 5 መስመር ያለው ይኸው ጽሕፈት ቤት የአንዱን ጥሪ ጊዜ ከ3 ወደ 2 ደቂቃ ቢያሳጥር፣ የተያዘ መስመር የሚያጋጥማቸው ደዋዮች ከ100 ወደ 4 ገደማ ይወርዳሉ። ያልተሳካለት ደዋይ ደጋግሞ ስለሚደውል፣ መጨናነቁ ከተጀመረ በኋላ ራሱን እያባባሰ እንደሚሄድም መታወቅ አለበት።

ድምፅ በዳታ መረብ በሚተላለፍበት ጊዜ ሁኔታው ይለያል። በተለመደው አሠራር አንድ ጥሪ በእያንዳንዱ አቅጣጫ በሰከንድ 80 ኪሎ ቢት ያህል ይወስዳል። 512 ኪሎ ቢት ለድምፅ የተመደበለት መስመር ስለዚህ 6 ጥሪዎችን ይሸከማል። ሰባተኛው ቢፈቀድ የሚቆራረጠው የእርሱ ድምፅ ብቻ ሳይሆን የሰባቱም ነው። ስለዚህ ከአቅም በላይ የሆነውን ጥሪ መሣሪያው ገና ከመነሻው እንዲመልሰው ወይም በወረፋ እንዲያቆየው ማድረግ ይመረጣል።

በአገራችንም ትምህርት የሚወሰድባቸው ልምዶች አሉ። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከግብርና ሚኒስቴር ጋር በ2006 ዓ.ም. ያስጀመረው የ8028 ነጻ መስመር፣ አርሶ አደሮች የግብርና ምክር ከተቀዳ ድምፅ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ እንዲያገኙ አድርጓል። ተደጋጋሚ ጥያቄ በተቀዳ ድምፅ ሲመለስ ሠራተኛው ለተለየ ጉዳይ ጊዜ ያገኛል።

የኮሮና ቫይረስ በኢትዮጵያ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ በኋላ ደግሞ ከኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የ8335 መስመር በተጨማሪ 952 ለሕዝብ አገልግሎት ውሏል። ክልሎችም የየራሳቸውን ነጻ መስመር አስተዋውቀዋል። የአማራ ክልል ቁጥር 6981 ነበር። ጥሪን በየአካባቢው መክፈል ሸክሙ በአንድ ማዕከል ላይ እንዳይወድቅ ያግዛል።

ለወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የሚበጀው የመጀመሪያው እርምጃ ግን ግዥ አይደለም። የገቡ ጥሪዎችን ሰዓት፣ የፈጁትን ጊዜና የተጠየቀውን ጉዳይ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት፣ የገበያ ቀንን ጨምሮ፣ በመዝገብ መያዝ በቂ መነሻ ይሆናል። የስልክ ማዞሪያ መሣሪያ ያለው መሥሪያ ቤት ሳይነሡ የቀሩትንም ከመሣሪያው ማውጣት ይችላል። ከዚያም ጥሪ በሚበዛበት ሰዓት ተረኛ መመደብ፣ ብዙ የሚጠየቀውን መረጃ በቀበሌ ማስታወቂያ ሰሌዳ አስቀድሞ መለጠፍ፣ ወዲያው መልስ ላልተገኘለት ጉዳይ የደዋዩን ቁጥር ተቀብሎ በቀጠሮ መልሶ መደወል ይቻላል።

መስመር ለመጨመር የሚቀርብ የበጀት ጥያቄም በዚህ መዝገብ ሲደገፍ አሳማኝ ይሆናል። ያልተነሣ ስልክ በመሥሪያ ቤቱ ዘንድ ላይታወቅ ይችላል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን በእግሩ የሚመጣው ባለጉዳይ ነው።